«ሰር» ብሎ የተቆረጠው በተን

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ጀልባ መሳፈሪያው ጋ። ገና 1 ሰዓት ተኩል አልሆነም፣ ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ወደ ዘጌ የሚሻገሩ ሦስት ቡድኖች ስንቃቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ትኬት ቆራጯ ስልኳ ላይ ስማቸውን ትፈልጋለች። የለም። ሰዎቹ ትናንት ከፍለዋል፣ የክፍያውንም መልእክት እያሳዩዋት ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ግን አንዳቸውም የሉም።

ስልኬ ጮኸ። «ወንድሜ፣ ያ የሰራህልን ነገር ሰው እያጠፋብን ነው። እባክህ ቶሎ ና።»

ያን ቀን ምን እንደሆነ ከስሩ ላስረዳ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው። ዌብ አፕሊኬሽን ላይ አራት ነገር ጎን ለጎን መደርደር። ስም፣ የሰው ብዛት፣ ሁለት በተን፣ ማለት ስክሪን ላይ የሚነኩ ሁለት ቁልፎች። ዌብ የሚሰራ ሰው በቀን ስንቴ የሚያደርገው ነገር ነው። እኔም ብዙ ሳላስብበት አደረግኩት፤ በዚያ ሰበብ ሦስት ቡድን ሙሉ ሰው ወደብ ላይ ቆሞ ቀረ።

ሥራው

ያሰራኝ የጀልባ ባለቤቶች የተሰባሰቡበት አንድ ማኅበር ነው። ከዚያ በፊት ቦታ የሚያዘው በደብተር ነበር። ደብተሩን አይቼዋለሁ፤ ውሃ የነካቸው ገጾቹ ተጣብቀዋል፣ ስም በስም ላይ ተጽፏል፣ ግን ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ አንድ ጊዜ አይቶ ይታወቃል። እኔ የተጠየቅኩት ያንን ስልክ ላይ እንዳመጣው ነው።

ጉዞዎቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም አሉ። ለከተማው ቅርብ የሆኑት ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ናቸው። ራቅ ሲል ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ደቅ ደሴት ላይ ደግሞ ናርጋ ሥላሴ አለ። ሰው የሚመርጠው ጠዋት መሄድን ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ስለዚህ ሥራው በሙሉ ጠዋት በ1 ሰዓትና በ3 ሰዓት መሃል ይከመራል። ያን ሰዓት ትኬት ቆራጯ በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው ብር ይዛ፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት እየመታቻት፣ አምስት ሰው ባንድ ጊዜ እየጠየቃት ነው የምትሰራው። ይህን ቀድሜ አይቼው ቢሆን ኖሮ ግማሹ ስህተት አይፈጠርም ነበር።

ስክሪኑ ቀላል ነው። ቦታ ለያዘ ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ቡድን አንድ መስመር። ከግራ ስሙ፣ ቀጥሎ «12 ሰው»፣ ቀጥሎ «ሰርዝ»፣ ጥግ ላይ «አረጋግጥ»። ማታ ክፍያው ሲገባ ታየዋለች፣ «አረጋግጥ»ን ትነካለች፣ መስመሩ ወደ ጠዋቱ ዝርዝር ያልፋል።

ንድፉን የሳልኩት ላፕቶፕ ላይ ነው። እሱንም በእንግሊዝኛ፤ በተኖቹ ላይ «ኦኬ» እና «ካንስል» ብዬ። ለሙከራ ስም ሲያስፈልገኝ «አበበ» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም ነገር ባንድ መስመር ጥንቅቅ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ጽሑፉን ወደ አማርኛ ቀየርኩና አስረከብኩ። በእንግሊዝኛ «ኦኬ» ሁለት ቀጭን ፊደል ናት። «አረጋግጥ» አምስት ፊደል ነው፣ የኛ ፊደል ደግሞ እያንዳንዱ ሰፋ ያለ ነው። የመስመሩን ልክ የሚወስነው ውስጡ የሚገባው ቃል ሆኖ ሳለ፣ እኔ ልኩን የወሰድኩት ከማይገባው ቃል ነበር።

«ጥግ ላይ ያለውን ነው የምነካው»

ወደቡ እንደደረስኩ መጀመሪያ ሰዎቹን ማሳፈር ነበረብኝ። ደግነቱ የተሰረዘ መስመር ከዳታቤዙ አይጠፋም፣ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ብቻ ነው የሚደረግበት። ሦስቱንም መለስኳቸው። ጀልባዎቹ ግማሽ ሰዓት ዘግይተው ተነሱ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልንና «እህቴ፣ ትናንት ማታ እንዴት እንዳደረግሽ አሳዪኝ» አልኳት።

«እንደ ሁሌው ነው» አለችኝ። «ጥግ ላይ ያለውን ነው የምነካው።»

ስልኳን ተቀበልኳት። ስማቸው አጭር በሆነ ሰዎች መስመር ላይ «ሰርዝ» በደንብ ይታያል፣ ጥግ ላይ ደግሞ «አረጋግ» የሚል አለ። መጨረሻ ያለችው ጥ ከስክሪኑ ውጭ ናት። ይህን ለሦስት ሳምንት ስታየው ኖራለች። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «ስልኬ ትንሽ ስለሆነ ነው ብዬ» አለችኝ። ይህ መልስ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰው ሲስተሙን ከመጠራጠሩ በፊት ስልኩን ይጠረጥራል። ስለዚህ ቅሬታ አልመጣም ማለት ችግር የለም ማለት አይደለም።

ሦስቱ የጠፉት ቡድኖች ግን ስማቸው ረጅም ነበር። ከመካከላቸው አንዱ «የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን» ይላል። እሱ መስመር ላይ «አረጋግጥ» ጭራሽ የለም። ጥግ ላይ ያለው «ሰርዝ» ነው፣ እሱም ዝ ተቆርጣበት «ሰር» ብቻ ቀርቷል።

«ሰርቷል ማለት መስሎኝ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ጣቷ የለመደውን ቦታ ነካች። ቦታው ላይ የነበረው በተን ግን ሌላ ነበር። ይህ በምንም መንገድ የሷ ጥፋት ሊሆን አይችልም፣ እዚያው ነገርኳት፣ ለማኅበሩ ሰዎችም በሷ ፊት ነገርኳቸው።

ልኩን ስንለካው

የስልኳ ስክሪን ስፋት በብራውዘር አቆጣጠር 360 ፒክስል ነው፤ ፒክስል የስክሪን መለኪያ ነጥብ ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልክ እዚሁ አካባቢ ነው። በግራና በቀኝ 16፣ 16 ለዳርቻ ትቻለሁ፣ ስለዚህ ለመስመሩ የሚቀረው 328 ነው። «12 ሰው» 64 ይወስዳል፣ «ሰርዝ» 72፣ «አረጋግጥ» 104፣ በመሃላቸው ያሉት ሦስት ክፍተቶች እያንዳንዳቸው 12። ይህ ብቻ 276 ነው። ለስም የቀረው 52 ፒክስል። የመዘምራኑ ስም ደግሞ 210 ይፈልጋል። ድምሩ 486። በ328 ውስጥ 486 አይገባም፣ 158ቱ መውጫ ይፈልጋል።

ታዲያ ለምን ስሙ አልጠበበም? መስመሩን የሰራሁት ነገሮችን ጎን ለጎን በሚደረድረው በፍሌክስቦክስ ነው፣ ፍሌክስ ደግሞ ቦታ ሲጠፋ ውስጡ ያሉትን ያጠብባል ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ወለል አለው። ፍሌክስ ውስጥ ያለ ነገር፣ ሌላ ካልተነገረው በቀር፣ ውስጡ ካለው የማይሰበር ነገር በታች አይጠብም። ተራ ጽሑፍ ከሆነ ወለሉ ረጅሙ ቃል ነው። እኔ ግን ስሙ ሁለት መስመር እንዳይሆን ብዬ «አትታጠፍ» የሚለውን ትእዛዝ፣ ኖራፕን፣ ሰጥቼው ነበር። ያኔ ስሙ ከነክፍተቱ አንድ ቃል ሆኖ ይቆጠራል። ወለሉ 210 ሆነ።

ረጅም ስም ሲመጣ በሦስት ነጥብ ይቆረጥ ብዬም ነበር። አልሰራም። ምክንያቱን ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት ላብራራው። የሚቆረጠው ጽሑፍ ራሱ በቀጥታ የፍሌክሱ ልጅ፣ ማለትም ያለ ሌላ ሳጥን ውስጡ ያለ ነገር፣ ቢሆን ኖሮ ይሰራ ነበር፣ ኦቨርፍሎው ሂድን፣ «የተረፈውን ደብቅ»፣ የተባለ የፍሌክስ ልጅ ወለሉ ዜሮ ይሆናልና። የኔ ጽሑፍ ግን በሌላ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ ላይኛው የጉዞው መድረሻ፣ ታችኛው የቡድኑ ስም። የፍሌክሱ ልጅ ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ደግሞ ውስጡን አይቶ «210 ካላገኘሁ» ይላል። መፍትሔው አንድ መስመር ናት፤ ለሳጥኑ ሚን ዊድዝን፣ ዝቅተኛ ስፋቱን፣ ዜሮ ማድረግ።

ይህ ሁሉ ቢሆንም እንኳ ጉዳቱ ያን ያህል ባልከፋ ነበር። ስክሪኑ ወደ ጎን ይንሸራተት ነበር እንጂ በተኑ አይጠፋም ነበር። ትልቁ ጥፋት ሌላ ነው። ከማስረከቤ በፊት አንድ ገጽ ወደ ጎን እየተንሸራተተ አስቸግሮኝ ነበር። ምን እንደሚገፋው አልፈለግኩም። ለገጹ በሙሉ ኦቨርፍሎው ሂድን ሰጠሁትና መንሸራተቱ ቆመ፣ የተስተካከለ መሰለኝ። የተረፈውን ነገር ከዓይን ደበቅኩት እንጂ አላስገባሁትም። «አረጋግጥ» ያን ጊዜም ወጥቶ ነበር፣ እኔ በሩን ዘጋሁበት።

አሁን ወደ ጎን የሚንሸራተት ገጽ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማደርገው ለሁሉም ነገር ቀይ ክፈፍ መስጠት ነው። ብራውዘሩን 360 ላይ፣ ቀጥሎ 320 ላይ አጠብበዋለሁ። 320ን ከራሴ አላመጣሁትም፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ፣ ደብሊውካግ 2.1፣ ይዘት በ320 ፒክስል ስፋት ወደ ጎን ሳይንሸራተት መነበብ አለበት ይላል። ቀዩ ክፈፍ የሚወጣው የት እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

መቁረጥ ለምን አልጠቀመም

እዚያው ወደቡ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ሚን ዊድዝን ዜሮ አደረግኩት። ሁለቱም በተኖች ተመለሱ። ደስ አለኝ። ስልኳን ሰጠኋት።

«እሺ፣ የትኛው የማን ነው?» አለችኝ።

ስሙ 52 ፒክስል ብቻ ነው ያገኘው። የመዘምራኑ «የሰን…» ሆኗል። ከሱ በታች ያለው የሌላ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ እሱም «የሰን…»። አሁን የምትነካው በተን አላት፣ ግን ማንን እንደምታረጋግጥ አታውቅም። ይህ ደግሞ ከፊተኛው የሚከፋ ስህተት ሊያመጣ ይችላል።

ነገሩ የአማርኛ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አማርኛ ቁም ነገሩን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች» እና «የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህራን» ብትቆርጣቸው ሁለቱም «የባሕር ዳር ዩኒ…» ናቸው። የሚለያቸው ቃል የመጨረሻው ነው። ግሱም መጨረሻ ነው። «ጉዞዎ ተረጋግጧል» እና «ጉዞዎ ተሰርዟል» ከፊት ቢታዩ አንድ ናቸው። በሦስት ነጥብ መቁረጥ ከሌላ ቋንቋ ልማድ የመጣ መፍትሔ ነው፣ ዋናው ነገር ፊት ላይ በሚቀመጥበት ቋንቋ ጉዳቱ ይቀንሳል። በኛ ቋንቋ ስም መቆረጥ የለበትም። መታጠፍ ነው ያለበት። ሁለት መስመር ይሁን፣ ሦስት ይሁን፣ ምንም አይደለም።

ካፒቴኑ አጠገባችን ቆመው ያዳምጡ ነበር። ትልቅ ሰው ናቸው፣ በሐይቁ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ። «ልጄ፣ ምንድን ነው የጠበበህ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ አራት ነገር አንድ አግዳሚ ላይ አልቀመጥ አለኝ» አልኳቸው። «ጀልባ ሲሞላ እኮ የምናነሳው ሻንጣውን ነው፣ ሰውየውን አይደለም» አሉኝና ወደ ገመዳቸው ሄዱ።

ይህን ሰምቼ መስመሩን እንደገና አየሁት። እኔ አራቱንም እኩል ተሳፋሪ አድርጌያቸው ነበር። ቦታ ሲጠብ ማን ይነሳ የሚለውን ብራውዘሩ እንዲወስን ትቼ፣ ብራውዘሩ ደግሞ በቅደም ተከተል የመጨረሻውን ገፋው። የመጨረሻው «አረጋግጥ» ነበር፤ የመስመሩ ዋና ሰው።

አዲሱ መስመር

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ ከመጀመሪያው ሰራሁት። ኮዱን ከመንካቴ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ስም አይቆረጥም። «አረጋግጥ» ከስክሪን አይወጣም፣ ቦታውንም አይቀይርም። ሁለቱ በተኖች አይለያዩም፤ አንዱ ላይ ሌላው ታች አይሆንም። «12 ሰው» የት ቢሆን ግድ የለም።

ከዚያ ሁለቱን በተኖች በአንድ ሳጥን አሰርኳቸው። ድምራቸው ከነክፍተታቸው 188 ነው። ለስሙ 220 መነሻ ስፋት ሰጠሁት። መስመሩን ደግሞ «ካልበቃህ ታጠፍ» አልኩት፣ ፍሌክስ ራፕ ማለት ነው። ሦስቱ ባንድ ላይ፣ ስም 220፣ ብዛት 64፣ በተኖች 188፣ ሁለት ክፍተት፣ ድምሩ 496 ነው። ከ496 በላይ ቦታ ካለ ሁሉም ባንድ መስመር ይቀመጣሉ። ስልኳ ላይ 328 ነው ያለው፣ ስለዚህ ስምና ብዛት ላይ ይቀራሉ፣ የበተኖቹ ሳጥን ሙሉ በሙሉ ታች ይወርዳል። ታች ሲወርድ ሙሉውን ስፋት ይይዛል፤ «ሰርዝ» በ72 ይቀመጣል፣ «አረጋግጥ» የቀረውን 244 ይወስዳል። በጭንቀት ሰዓት አውራ ጣት የማይስተው በተን ሆነ።

አንድ ትንሽ ብልሃት አለ። ላፕቶፕ ላይ ትርፍ ቦታ ሲኖር ስሙና የበተኖቹ ሳጥን እኩል እንዳይሻሙበት የስሙን የማደግ ድርሻ 999፣ የበተኖቹን 1 አደረግኩ። ባንድ መስመር ሲሆኑ ትርፉን ከሞላ ጎደል ስሙ ይወስዳል። ሲታጠፍ ደግሞ በተኖቹ ለብቻቸው ስለሚሆኑ ያቺ 1 ድርሻ ሙሉውን መስመር ታስገኝላቸዋለች። ከዚህ በታች ከሆነ እንዲህ፣ ከዚህ በላይ ከሆነ እንዲያ የሚል የስክሪን ልኬት አልጻፍኩም። መስመሩ የሚታጠፈው ውስጡ ባለው ነገር ነው። ካፒቴኑ ስልካቸው ላይ ፊደሉን አሳድገውታል፣ በሳቸውም ስልክ በሚያስፈልገው ቦታ ይታጠፋል።

የበተኖቹን ቁመት 48 አደረግኩት። አፕል ቢያንስ 44፣ ጉግል 48 ይመክራሉ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ደብሊውካግ 2.2 ዝቅተኛውን ልክ 24 በ24 ያደርገዋል። ትኬት ቆራጯ የምትሰራው ግን በእርጥብ እጅ ነው። 24 ለወደብ አይበቃም።

በሁለቱ መሃል ያለውን ክፍተት በተመለከተ አንድ ነገር ቆይቶ ነው የታየኝ። አንዱ ጀልባ ነጂ አሮጌ ስልክ ነው ያለው፣ ብራውዘሩም አልታደሰም። እሱ ስልክ ላይ «ሰርዝ» እና «አረጋግጥ» ተጣብቀዋል፣ አንድ ክር የምታህል ክፍተት የለም። ክፍተቱን የሰጠሁት ጋፕ በሚባለው ትእዛዝ ነበር። ጋፕ ፍሌክስ ውስጥ መስራት የጀመረው ክሮም ላይ በ2020 በቁጥር 84፣ ሳፋሪ ላይ በ2021 በቁጥር 14.1 ነው። ከዚያ በፊት ያለ ብራውዘር ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ስህተት ነው አይልህም። ለአብዛኛው ገጽ ይህ አያሳስብም። መሰረዣና ማረጋገጫ ጎን ለጎን ባሉበት ቦታ ግን ያሳስባል። በማርጂን፣ በበተኑ ዳር በሚተው ባዶ ቦታ፣ ቀየርኩት፣ ማርጂን የትም ይሰራል።

«ሰርዝ» አሁን ሲነካ ይጠይቃል፣ የቡድኑን ስም ጠቅሶ። ይህ ከአደራደር ጋር አይገናኝም፣ ከመጀመሪያው መኖር ነበረበት።

በተኖቹን ለማስተካከል ስሞክር ኦርደር በሚባለው ትእዛዝ ቦታቸውን በዓይን ብቻ ላቀያይር አስቤ ተውኩት። በዓይን ቢቀያየሩም ኮዱ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል አይቀየርም፤ ስክሪኑን በድምፅ የሚያስነብብ ሰው ወይም በኪቦርድ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የኮዱን ተራ ነው። ማየትና መስማት ሲለያዩ ደግሞ ያው «ጥግ ላይ ያለውን ነው የነካሁት» ይመጣል።

ፎንቱ

ሰኞ ዕለት ከማኅበሩ ጸሐፊ ሌላ ስልክ መጣልኝ። «በተኑ ልነካው ስል ይሸሻል።» ይህን ቤቴ ሆኜ ላገኘው አልቻልኩም። ወደብ ሄጄ፣ ኔትወርኩ ቀስ ሲል ነው ያየሁት። ገጹ ሲከፈት ጽሑፉ መጀመሪያ በስልኩ ፎንት፣ በራሱ የፊደል ቅርጽ፣ ይመጣል፣ ሁሉም ባንድ መስመር ይቀመጣል። ከ3 ወይም 4 ሰከንድ በኋላ ለማማር ብዬ የጨመርኩት ፎንት ይደርሳል። ያ ፎንት ሰፋ ይላል። በተኖቹ ይሰፋሉ፣ ቦታ ያንሳል፣ መስመሩ ይታጠፋል፣ በተኖቹ ታች ይወርዳሉ። ጣቷ ግን ቀድሞ የነበሩበት ቦታ ላይ እየወረደ ነው። የጸሐፊዋ ስክሪን ሰፋ ያለ ነው፣ ለመስመሩ የሚቀረው ቦታ 496 ድንበር ላይ ስለሆነ ነበር የሚሆነው።

ፎንቱን አወጣሁት። አንድሮይድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ንጹሕ ፎንት ነው፣ ምንም አይወርድም፣ ምንም አይዘልም። የገጹም ክብደት ቀነሰ።

ጎን ለጎን መሆን ሲገባው

እስካሁን ያልኩትን አንብቦ ስልክ ላይ ሁሉን ነገር ከላይ ወደ ታች መደርደር ይሻላል የሚል ይኖራል። እኔም ለአንድ ሳምንት እንደዚያ አስቤ ነበር። ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ሐሳቤን አስቀየሩኝ።

ሁለቱ ጎረቤት ደሴቶች ናቸው። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ እንጦስ ኢየሱስ ወንድም ሴትም ይገባል። ቤተሰብ ሲመጣ የሚመርጠው ሁለቱን እያነጻጸረ ነው። እኔ ደግሞ የሁለቱን መረጃ የያዙትን ሁለት ሳጥኖች፣ ካርዶች፣ አንዱን ከሌላው በታች አድርጌ ነበር። ሰው የመጀመሪያውን ያነባል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲወርድ የመጀመሪያው «ለወንዶች ብቻ» ማለቱን ይረሳዋል ወይም አላየውም። ማነጻጸር ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ ሲመለስ ነው የሚቀለው።

ስለዚህ እነዚህን ሁለት ካርዶች ስልክ ላይም ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ለዚህ ፍሌክስ አይመቸኝም፣ በረድፍና በአምድ የሚደረድረውን ግሪድን ነው የተጠቀምኩት። ችግሩ የአንዱ ስም ሁለት መስመር ሲሆን የሌላው አንድ መሆኑ ነው፤ ከዚያ «ለወንዶች ብቻ» የሚለው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዋጋውም ከዋጋው ጋር አይተያይም። ሳብግሪድ የሚባለው ይህን ይፈታል፣ የሁለቱ ካርዶች የውስጥ መስመሮች በአንድ ልክ እንዲቆሙ ያደርጋል። ፋየርፎክስ በ2019፣ ሳፋሪ በ2022፣ ክሮም በ2023 ነው ያስገቡት፣ በአሮጌ ስልክ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ምንም የሚጠፋ ነገር የለም። ካርዶቹ እኩል ይሁኑ ስል ሁለቱንም አምድ «ከዜሮ ጀምሮ እኩል» አልኳቸው። ዝም ብሎ እኩል ቢባሉ ግሪድም ያችኑ የወለል ጠባይ አለው፣ ረጅም ቃል ያለበት አምድ ሌላውን ይገፋዋል።

ቀን መምረጫው ላይ ደግሞ እኩልነት ነው የጎዳኝ። የብራውዘሩ የራሱ ቀን መምረጫ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ለወደቡ አልሆነም፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብዬ ሦስት መምረጫ ጎን ለጎን ሰራሁ፣ 13 ወር፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን። ለሦስቱም እኩል ሲሶ ሰጠኋቸው። «መስከረም» ም ተቆረጠችበት፣ ሁለት አሃዝ የያዘው የቀን ሳጥን ደግሞ ግማሹ ባዶ ነው። ቀንና ዓመት በይዘታቸው ልክ ሆኑ፣ የቀረውን ወር ወሰደው።

ከኔ በፊት ሌላ ሰው የጀመረው የዋጋ ገጽ ነበር፣ እሱ በፍሎት ነው የተሰራው። ፍሎት በ1996 የገጽ መልክ ከሚጻፍበት ቋንቋ፣ ከሲኤስኤስ፣ የመጀመሪያ ቅጂ ጋር የመጣ ነው፣ ጽሑፍ በፎቶ ዙሪያ እንዲፈስ ታስቦ። ሌላ መንገድ ስላልነበረ ሰው ለዓመታት ገጽ ሙሉ ሲደረድርበት ኖረ። የፍሌክስ የመጀመሪያ ረቂቅ በ2009 ወጣ፣ ግሪድ በ2017 ብራውዘሮች ላይ ደረሰ። ያን ገጽ አልነካሁትም። ሦስት ሳጥን ነው፣ ይሰራል፣ ቃሎቹም አይለወጡም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ነበርኩ። ናርጋ ሥላሴ የሚሄድ ቡድን ነበር፣ ስሙ ከነድርጅቱ ከነክፍሉ ተጽፎ ሦስት መስመር ይዟል። ከሥሩ ሁለቱ በተኖች ቆመዋል። ትኬት ቆራጯ ስሙን ድምፅ አውጥታ እስከ መጨረሻው ቃል አነበበችው፣ ከፊቷ የቆመውን ሰውዬ ቀና ብላ አየችው፣ «አረጋግጥ»ን ነካች።

የደቅ ጉዞ ረጅም ስለሆነ የመመለሻ ሰዓትም መስመሩ ላይ ይግባልን ብለውኛል። «9 ሰዓት» የሚል አምስተኛ ነገር ማለት ነው። ገና አላስገባሁትም። ሰኞ ወደቡ ላይ እንገናኛለን፣ ሲጠብ ከአምስቱ የቱ እንደሚነሳ መጀመሪያ እሷ ትነግረኛለች።